ስለ ፒ ኤች መለኪያ አመራረጥ የቀረበ አሳብ

በየክልሉ፥ በየዞኑና በየወረዳው የእርሻን ሥራ ለምትመሩ ሹማምንት።

ሚዛን የሌለው ነጋዴና ሚዛኑ የሚያብልበት ነጋዴ ሁለቱም ገበያተኛውን ይጎዳሉ፤ ይሁን እንጂ የኋለኛው ጉዳት ይበልጣል። ሚዛን የሌለውን ሰው ሁሉ ይጠነቀቀዋልና፤ ሚዛን ያለውን ግን ቁጥሩን አይቶ ያምነዋል። ይህ ነገር በገበያ ብቻ የሚታይ አይደለም። በየቤተ ሙከራችን የአፈርን፥ የውሃን፥ የክትባትንና የችግኝ ማሳደጊያ ምግብን አሲድነት የሚመዝነው የፒ ኤች መለኪያ የሚባለው መሣሪያም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ሲሠራም ቁጥር ያሳያል፤ ሲበላሽም ቁጥር ማሳየቱን አይተውም። እውነተኛውንና ሐሰተኛውን ቁጥር በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው የለም።

በያዝነው ዘመን በየቦታው የአፈር ምርመራ እየተስፋፋ ስለ ሄደ፥ ይህን መሣሪያ ለመግዛት ፊርማችሁን የምታኖሩ ሹማምንት ቁጥራችሁ ብዙ ነው። ከእናንተ መካከል የኬሚስትሪን ትምህርት የተማረው ጥቂት ነው፤ የማይማረውም በሥራው ብዛት ምክንያት እንጂ በስንፍና አይደለም። ስለዚህ መሣሪያው እንዴት ሊመረጥ እንደሚገባ ያለኝን አሳብ ለመግለጽ ወደድሁ። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፦ የመለኪያው መልካምነት በዋጋው መርከስም ሆነ በሚያሳየው የቁጥር ብዛት አይታወቅም፤ ኤሌክትሮዱ ሲያረጅ ምትክ የሚገኝለት፥ የማስተካከያ ፈሳሹ ሲያልቅ የሚተካለት፥ በየቀኑም የሚጠብቀው ሰው ያለው መለኪያ ብቻ ሊገዛ ይገባዋል። ይህ ሦስቱ ያልተሟላለት መለኪያ ሳይገዛ ቢቀር ይሻላል።

በመጀመሪያ ነገሩ ስለ ምን ይህን ያህል ሊታሰብበት እንደሚገባ ላስረዳ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 ከመቶ ያህሉ አሲድነት እንደ ያዘው የግብርና ተቋሞች ደጋግመው አስታውቀዋል። ብርቱ ዝናብ የሚዘንብበት ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው። በጎጃም የአዊ አገር፥ በወለጋ ነጆና ጊምቢ፥ በደቡብም ጨንቻና ሆሳዕና በዚህ ችግር ስማቸው የታወቀ ነው። የበሽታውም አመጣጥ እንዲህ ነው፦ ዝናቡ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል፤ ገበሬውም ገለባውን ለከብትና ለማገዶ ሲያነሣ ከመሬቱ የወጣው ወደ መሬቱ አይመለስም፤ እንደ ዩሪያ ያለው ማዳበሪያም ብቻውን ለብዙ ዘመን ሲጣል አሲድነቱን ያባብሳል። የአፈሩ ፒ ኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይመርዛል፤ ፎስፈረሱም ይታሰርና ገበሬው በብዙ ብር የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉን ሳይጠቅም ይቀራል። ገብስና ስንዴ፥ ባቄላም ይህን አይችሉም። ባላገሩ ነገሩን «መሬቴ ደከመ» ብሎ ይናገረዋል፤ በባንጃና በፋግታ ለኮማም ብዙ ገበሬ እህል መዝራቱን ቀንሶ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል ወደ ማክሰል ዞሯል። ለዚህም አንዱ ምክንያት የመሬቱ መድከም ነው።

የዚህ በሽታ መድኃኒት ኖራ መሆኑ የታወቀ ነው። በብራዚል አገር ሴራዶ የሚባለው እጅግ ሰፊ ሜዳ አሲዳማ በመሆኑ ለእርሻ የማይረባ ተብሎ ሲቆጠር ኖሮ፥ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኖራና በፎስፈረስ ታክሞ ዛሬ ለዓለም ሁሉ አኩሪ አተር የሚልክ አገር ሆኗል። እኛም ኖራ የሚሆን ድንጋይ አላጣንም፤ ነገር ግን ኖራ ከባድ ሸክም ነው። ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዲት አህያ በአንድ ጉዞ ግማሽ ኩንታል ትሸከማለች ብንል፥ መኪና ከሚደርስበት መንገድ እስከ ማሳው 60 ጊዜ መመላለስ አለባት ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ቤተ ሙከራ 5.2 የሆነውን አፈር ተሳስቶ 5.7 ብሎ ቢጽፍ፥ ኖራ የሚያስፈልገው ገበሬ አያስፈልግህም ተብሎ ይመለሳል፤ በሚመጣውም ዓመት ማዳበሪያውን በከንቱ ይጥላል። 5.7 የሆነውን 5.2 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ገበሬው ያን ሁሉ ሸክም ያለ ጥቅም ያመላልሳል። በሁለቱም ወገን ከሳሪው ገበሬው ነው፤ የተሳሳተው ግን ባንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ሊስተካከል ይችል የነበረ መሣሪያ ነው።

ፒ ኤች ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ይህን አለካክ ያወጣው ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም በአውሮጳ አቆጣጠር 1909 ዓ.ም. ነበረ። ሶረንሰን ይሠራበት የነበረው ቤተ ሙከራ በኮፐንሃገን ከተማ የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ያቆሙት ነው። አለካኩም ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል፤ 7 መካከለኛ ነው፥ ከዚያ በታች ያለው አሲድ፥ ከዚያ በላይ ያለው አልካሊ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የቁጥሩ እርምጃ እንደ ክንድ ወይም እንደ ኪሎ አለመሆኑ ነው፤ ከ6 ወደ 5 መውረድ አሲድነቱን በ10 እጥፍ ያበዛዋል። በ0.3 ብቻ መውረድም አሲድነቱን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ «በነጥብ አምስት ቢሳሳት ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ሦስት እጥፍ የሚያህል ስሕተትን በዝምታ እያሳለፈ መሆኑን ይወቅ።

መሣሪያው ራሱም ከእርሻ ሥራ የተወለደ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አርኖልድ ቤክማን የሚባለው የኬሚስትሪ መምህር፥ ለሎሚ አምራቾች ማኅበር ይሠራ ለነበረ ወዳጁ የሎሚውን ጭማቂ አሲድነት የሚለካ መሣሪያ ሠራለት። ጭማቂው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት የድኝ ጋዝ የቀለሙን ወረቀት እያነጣ አስቸግሮ ነበርና። ይህን ማስታወሴ መለኪያው የሐኪምና የፋብሪካ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ ነው፤ ከመነሻውም የገበሬ መሣሪያ ነበረ።

አሁን ወደ መሣሪያው አካል እንለፍ። መለኪያው ሁለት ዋና ክፍል አለው፤ አንዱ ሰሌዳ ያለው ሣጥን ነው፥ ሁለተኛው ወደ ፈሳሹ የሚገባው ኤሌክትሮድ ነው። በኤሌክትሮዱ ጫፍ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ የመስተዋት ፊኛ አለ፤ ይህ ፊኛ በፈሳሹ አሲድነት መጠን እጅግ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል። የኃይሉም ልክ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን ለአንድ የፒ ኤች እርምጃ 59 ሚሊቮልት ያህል ነው። ሣጥኑ ያን ኃይል ቆጥሮ ወደ ፒ ኤች ቁጥር ይለውጠዋል። እንግዲህ የሚለካው ኤሌክትሮዱ ነው፤ ሣጥኑ እንደ ጸሐፊ የተነገረውን ይጽፋል። ሣጥኑ በደንብ ቢያዝ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ኤሌክትሮዱ ግን በደንብ ቢጠበቅም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት አገልግሎ ያረጃል። ይህን የማያውቅ ገዢ ዓይኑን በሣጥኑ ላይ ይጥላል፤ ምትክ ኤሌክትሮድ ሳይገዛም ይመለሳል። ይህም ጠመንጃ ገዝቶ ጥይት እንደ መርሳት ያለ ነው።

ስለዚህ የግዢ ዝርዝር ስትጽፉ የሚከተሉትን ነገሮች በግልጽ እንድታኖሩ እመክራለሁ።

አንደኛ፥ ኤሌክትሮዱ ከሣጥኑ የሚነቀል ይሁን፤ መሰኪያውም ቢ ኤን ሲ የሚባለው በብዙ ፋብሪካዎች የሚሠራበት ዓይነት ይሁን። መሰኪያው የአንድ ፋብሪካ ብቻ ከሆነ፥ ያ ፋብሪካ ዕቃውን መላክ ባቆመ ጊዜ ሣጥኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከሥራ ይወጣል።

ሁለተኛ፥ ኤሌክትሮዱ ለሚለካው ነገር የሚስማማ ይሁን። የአፈር ጭቃ፥ ወተት፥ ደምና የፕሮቲን ፈሳሽ የኤሌክትሮዱን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ በሕይወት ጥናት ቤተ ሙከራ ብዙ የሚሠራበት ትሪስ የሚባለው ማርከሻ ፈሳሽም ብር ካለበት ከተራው ኤሌክትሮድ ጋር አይስማማም። ለእነዚህ ሁሉ ባለ ሁለት መጋጠሚያ የሚባለው ኤሌክትሮድ ይታዘዝ። ደግሞም ውስጡ ፈሳሽ የሚሞላው ኤሌክትሮድ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ዕድሜው ይረዝማል፤ ውስጡ እንደ ሙጫ የረጋው ጄል የሆነው ግን እንክብካቤ ስለማያበዛ ወደ መስክ ለሚወጣ ሰው ይመቻል፥ ሲያልቅ ግን ይጣላል እንጂ አይታደስም።

ሦስተኛ፥ መለኪያው ቢያንስ በሁለት፥ ቢቻል በሦስት የማስተካከያ ፈሳሾች የሚስተካከል ይሁን። እነዚህ ፈሳሾች ባፈር ይባላሉ፤ ፒ ኤቻቸው አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ለመለኪያው እንደ ሚዛን ድንጋይ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም 4፥ 7 እና 10 ናቸው። ለአሲዳማ አፈር በ4 እና በ7፥ አልካሊ ለሆነው በ7 እና በ10 መካከል ማስተካከል ይገባል፤ የሚለካው ነገር በሁለቱ መካከል እንዲወድቅ ነው። መለኪያው ከተስተካከለ በኋላ የኤሌክትሮዱን ብርታት በመቶኛ የሚያሳይ ይሁን፤ ይህ ቁጥር ከ95 እስከ 105 ከመቶ ከሆነ ኤሌክትሮዱ ጤነኛ ነው። ከ90 በታች ሲወርድ ይታጠብ፤ ታጥቦም ካልተሻለው ይለወጥ። ይህን ቁጥር የማያሳይ መለኪያ መታመሙን የማይናገር በሽተኛ ነው።

አራተኛ፥ የሙቀት መለኪያ አብሮት ይኑር። እዚህ ላይ ግን ሻጮች ከሚገባው በላይ ያመሰግኑታልና ልካችንን እንወቅ። 15 ዲግሪ በሆነ ብርድ ፒ ኤቹ 5 የሆነ አፈር፥ መለኪያው 25 ዲግሪ ነው ብሎ ቢቆጥር ስሕተቱ 0.07 ያህል ብቻ ነው፤ ለአፈር ይህ ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ራሱ የሚለካው ፈሳሽ በሙቀት የሚለዋወጥ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ትሪስ በ25 ዲግሪ ፒ ኤቹ 8 እንዲሆን ተዘጋጅቶ ወደ 4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ቢገባ ወደ 8.6 ይጠጋል። የመለኪያው የሙቀት ማስተካከያ የኤሌክትሮዱን ኃይል ያርማል እንጂ ይህን የፈሳሹን ለውጥ አያርምም፤ ስለዚህ ፈሳሹ በሚሠራበት ሙቀት ላይ መለካት አለበት።

አምስተኛ፥ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ይበቃል። ሦስት አኃዝ የሚያሳየው መለኪያ ዋጋው ይጨምራል፤ ማስተካከያው ፈሳሽ ራሱ እርግጠኛነቱ ብዙ ጊዜ ከ0.01 ወይም ከ0.02 ስለማያልፍ፥ ሦስተኛው አኃዝ ጌጥ ነው። ለአፈር ምርመራ 0.1 ያህል እርግጠኛነት ከበቂ በላይ ይጠቅማል። የተረፈውን ገንዘብ ለምትክ ኤሌክትሮድ አውሉት።

ስድስተኛ፥ በኤሌክትሪክም በባትሪም የሚሠራ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ።

ሰባተኛ፥ ቢያንስ ሁለት ምትክ ኤሌክትሮድ፥ ለአንድ ዓመት የሚበቃ የባፈር ፈሳሽና የኤሌክትሮድ ማኖሪያ የሆነው የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ በዚያው በአንድ ውል ውስጥ ይገቡ። በሁለተኛው ዓመት በጀት ይገዛሉ ተብሎ የሚተው ነገር ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ እንደሚረሳ ታውቃላችሁ። ምትኩ ኤሌክትሮድም በመጋዘን ተቀምጦ ስለሚያረጅ፥ ከሁለት በላይ አንድ ጊዜ ማከማቸት አይጠቅምም።

የምትገዙት ለየትኛው ቤተ ሙከራ እንደ ሆነም ለዩ፤ ሁሉ አንድ ዓይነት መለኪያ አያስፈልገውም። የአፈር ቤተ ሙከራ አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ተኩል ውሃ በጥብጦ ይለካል፤ ኤሌክትሮዱ በአሸዋ ስለሚፋቅ ጠንካራ ፊኛ ይሻል። የችግኝ ቤተ ሙከራ ሙዝንና ድንችን በብልቃጥ ሲያባዛ የሚቀባው ምግብ ፒ ኤቹ 5.8 ያህል መሆን አለበት፤ ከዚህ ብዙ ቢወርድ ማርጊያው አጋር አይረጋም፥ ብዙ ቢወጣ ይደርቅበታል፥ ሺህ ብልቃጥም ባንድ ቀን ይበላሻል። በቢሾፍቱ እንደሚገኘው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ባለ ቦታ የክትባት ሥራ ሲሠራም፥ ሕያው ሕዋስ የሚኖርበት ፈሳሽ ከ7.2 እስከ 7.4 አካባቢ ካልተጠበቀ ሕዋሱ ይጎዳል። ለእነዚህ የ0.1 ስሕተት ብዙ ነውና የተሻለ መለኪያ ይገባቸዋል። ለአፈር የተገዛውን በጭቃ የሠራ ኤሌክትሮድ ለክትባት ማዋል ፈጽሞ አይገባም።

በዚህ ነገር የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱ «ሕጉ ዝቅ ያለ ዋጋ ላቀረበ ስጡ ይላል፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይላል። መልሴ፥ ሕጉ በዝርዝሩ የተጻፈውን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛውን ምረጡ ይላል እንጂ ያላሟላውን ግዙ አይልም፤ ዝርዝሩን የሚጽፈው ደግሞ የእናንተ መሥሪያ ቤት ነው። «የፒ ኤች መለኪያ፥ ብዛት 1» ብላችሁ ከጻፋችሁ፥ ምንም ቢመጣ ተቀበሉ። ዋጋውንም ስታወዳድሩ የሦስት ዓመት ኤሌክትሮድና ባፈር ደምራችሁ አወዳድሩ፤ በመጀመሪያው ቀን የረከሰው በሦስተኛው ዓመት ሲወደድ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው «የቀለም ወረቀትና ብዕር የሚመስለው ትንሹ መለኪያ ይበቃል» ይላል። ይህ ከፊሉ እውነት ነው። ወረቀቱ በግማሽ እርምጃ ያህል ብቻ ይለያል፥ ቀይ አፈር ደግሞ ቀለሙን ያሳስታል፤ ቢሆንም ወረዳው የትኛው ቀበሌ ቢመረመር እንደሚሻል ለመለየት ይረዳዋል። ብዕሩም በባፈር ከተስተካከለ ለመስክ መልካም ነው። ለገበሬው ግን ኖራ ግዛ ወይም አትግዛ የሚል ፍርድ በእነዚህ ብቻ አይሰጥ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ «ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ አንድ መለኪያ ይሰጠው፤ ገበሬው ሩቅ ለምን ይሂድ?» የሚለው ነው። አሳቡ ደግ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። መለኪያ ያለ ጠባቂ የትም አይኖርም። በየወረዳው የሚበተኑት አሥር መለኪያዎች ባፈር አልቆባቸው፥ ፊኛቸው ደርቆ በቁም ሣጥን ውስጥ ከሚቀመጡ፥ በዞኑ ከተማ አንድ መለኪያ ሁለት ሠልጣኝ ሠራተኛ ይዞ ቢቆም ይበልጣል። በባሕር ዳር፥ በደሴ፥ በነቀምትና በበደሌ የአፈር ቤተ ሙከራዎች አሉ፤ አዲስ ከመክፈት በፊት ያሉትን ማበርታት ይቅደም። ገበሬውም ራሱ ይሂድ አላልሁም፤ የሚሄደው በከረጢት ያለ ግማሽ ኪሎ አፈር ነው። ለእርሱ ማጓጓዣ የሚያዘው ገንዘብ ለተበላሸ መሣሪያ ከሚወጣው ያነሰ ነው።

ከውጭ አገር በስጦታ የሚመጣውንም መሣሪያ በዚሁ መስፈርት እንድትቀበሉት እለምናለሁ። ስጦታን መመርመር ነውር ይመስላል፤ ነገር ግን «ኤሌክትሮዱ ከየት ይገኛል? ባፈሩንስ ማን ያመጣል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ሰጪውንም ያስከብረዋል። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም።

ለመጠየቅም ሩቅ መሄድ አያሻም። ለግዢ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሹም ጉዳዩን ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከፒያሳ ግን በአፍንጮ በር በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ዳገቱን ቢወጣ፥ ወይም ወደ አራት ኪሎ ቢታጠፍ፥ መንገዱ በእግር የሚደረስ ነው፤ በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሆስፒታል፥ በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ቤተ ሙከራዎች አሉ። በእነዚህ ስፍራዎች በሥራ የኖረውን ሠራተኛ «የትኛው ኤሌክትሮድ ዘለቀላችሁ? ምትኩን ለማግኘት ስንት ወር ጠበቃችሁ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ከሻጩ መጽሐፍ የማያገኘውን ዕውቀት ያገኛል። በአፍንጮ በር ዳገት የጠፋ አንድ ሰዓት ከብዙ ሺህ ብር ኪሳራ ያድናል። ሻጩንም ከክፍያ በፊት መሣሪያውን በፊታችሁ በሁለት ባፈር እንዲያስተካክል፥ ከዚያም ሦስተኛውን ባፈር እንዲለካ አድርጉት፤ ሦስተኛው ከ0.05 በላይ ከሳተ አትቀበሉት። የማስተካከያው ፈሳሽ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈበትን ዘመን ማየትንም አትርሱ።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ሥራ ከግዢው ይበልጣል። ኤሌክትሮዱ በማኖሪያ ፈሳሹ ውስጥ ይኑር፤ በተጣራ ውሃ ውስጥ ማኖር ሕይወቱን ያሳጥራል፥ በደረቅ መተውም ይገድለዋል። በተለካ ቁጥር በተጣራ ውሃ ይታጠብ፤ ጨርቅ ሳይፈትገው በለስላሳ ወረቀት ተነክቶ ይድረቅ። አንድ ጊዜ የተጠቀሙበት ባፈር ወደ ጠርሙሱ አይመለስ፤ 10 የሆነው ባፈር ክፍት ከተተወ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየሳበ ይወርዳልና። መለኪያው በሚሠራበት ቀን ሁሉ ጠዋት ይስተካከል፤ ቀኑ፥ የመቶኛው ቁጥርና የሠራተኛው ስም በመዝገብ ይጻፍ።

እናንተ ሹማምንት ኬሚስትሪ ባታውቁም ይህን መዝገብ ማንበብ ትችላላችሁ። ለጉብኝት በገባችሁ ጊዜ ስለ መሣሪያው ውበት ሳትጠይቁ «የዛሬው ማስተካከያ የት ተጽፏል?» በሉ። መዝገቡ ባዶ ከሆነ በዚያ ቀን የወጣው ቁጥር ሁሉ ባዶ ነው። ሌላም ቀላል ፈተና አለ፤ አንዱን አፈር በሁለት ከረጢት ከፍላችሁ፥ ሁለት የተለያየ ምልክት ጽፋችሁ በተለያየ ቀን ላኩት። ሁለቱ ውጤት ከ0.2 በላይ ቢራራቅ ጉድለት አለና ምክንያቱ ይፈለግ። ይህን የምታደርጉት ሠራተኛውን ለማሳፈር ሳይሆን ቤተ ሙከራው ራሱን እንዲያውቅ ነው።

ደግሞም ውጤቱ ሲመጣ በውሃ ነው ወይስ በፖታሲየም ክሎራይድ የተለካው ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ ሁለቱን ማደባለቅ ያሳስታል። ፒ ኤች ብቻውን አፈሩ መታመሙን ይናገራል እንጂ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚገባው አይናገርም፤ መጠኑ የሚታወቀው በአፈሩ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየምና የሃይድሮጅን አሲድነት ለብቻው ተለክቶ ነው። ስለዚህ በፒ ኤች ቁጥር ብቻ የኖራ ዕድል የሚያካፍል ወረዳ ካለ ይታረም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴርም አብሮ ቆመ። ከዚያ ጀምሮ የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ገበሬው ከመሬቱ የልፋቱን ዋጋ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ገበሬው የቤተ ሙከራውን ቃል የሚሰማው አንድ ጊዜ ነው፤ ያ ቃል ሐሰት ሆኖ ካገኘው፥ የሚቀጥለው እውነተኛ ቃል እንኳ ቢመጣለት አፈሩን በከረጢት ሞልቶ አይሰጠንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ በኋላ ማዘን አይጠቅምም። በሚመጣው የበጀት ዘመን የግዢ ዝርዝር ስትጽፉ ከመለኪያው ስም ቀጥሎ ባፈሩን፥ ምትክ ኤሌክትሮዱንና የጠባቂውን ስም አብራችሁ ጻፉ፤ ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ወረቀት ሲቀርብላችሁ ፊርማችሁን አታኑሩበት።